ተራው የኛ ነበር

እናቴ መቅናት አታውቅበትም ነበር፤ ስለዚህ እኔ ቀናሁላት። ጣውንት ባለበት ቤት አንድ ሰው መቅናት አለበት። እሷ ዓሣ ስትፍቅ፣ ወንድሜን ስታጠባ፣ ከጣውንቷ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ጊዜ አልተረፋትም። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፤ እኔም አላሳፈርኩትም።

ቤታችን ሩፊስክ ከተማ ነበር፣ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ። አንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ክፍሎች፤ አንዱ የእናቴ የዳባ፣ ሌላው የጣውንቷ የኪኔ። አባቴ ማሳምባ የራሱ ክፍል የለውም። ሁለት ቀን እዚህ፣ ሁለት ቀን እዚያ ያድራል። ተራው የሚዞረው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልክ መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ያኔ አባቴ ከሰላት በፊት የሚታጠብባትን የውዱእ ማንቆርቆሪያውን፣ ያቺን አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያላትን ፕላስቲክ፣ ከአንዱ በር ያነሳና ሌላው በር ላይ ያስቀምጣታል። በቃ፣ ሌላ ማስታወቂያ የለም። ማንቆርቆሪያዋ እኛ በር ላይ ስትሆን ሆዴ ይረጋል። እነሱ በር ላይ ስትሆን እራት አይወርድልኝም። «እነሱ» የምለው እንግዲህ አንዲቷን ሴት ነው። ኪኔ ልጅ አልነበራትም።

ይሁን፣ ልናገረው፤ በእሷ ተራ የሚበላው ሩዝ ይጣፍጥ ነበር። ዓሣው አይፈርስም፣ አትክልቱ አይላሽቅም። ድስቱ ቂጥ ላይ ጠበስ ያለውን ሩዝ በማንኪያ ፍቃ ለኔ ታስቀምጥልኛለች። «ንጎኔዬ፣ ነይ ያንቺን ውሰጂ» ትላለች ስሜን አቆላምጣ። እወስዳለሁ፣ እበላለሁ፣ አላመሰግንም። «እማ ኪኔ ብለሽ ጥሪያት» ተብዬ ተመክሬ፣ ተቆጥቼ፣ ተቆንጥጬ ነበር። ወይ ፍንክች! ስሟን ሳልጠራ ነው የማዋራት። «ሳሙና አለ?» እላለሁ አየር ላይ፣ ለግድግዳው እንደምናገር ሁሉ።

ደግሞ ስትራመድ ይሰማል። ከሽርጧ ስር፣ ወገቧ ላይ፣ ብዙ ክር ዶቃ ታስራለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያስራል፤ እናቴም አንድ ክር አላት። የኪኔ ግን ከጓሮ ስትመጣ ከበር ይሰማል። አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ማታ ሲገባ ፈረሱን ሳይፈታ ቆም ይልና ጆሮውን አቁሞ «የዶቃ ነጋዴ መጣ እንዴ?» ይላል። ኪኔ ትስቃለች። እናቴም ትስቃለች፤ እሷስ ምን ይሉኝ ብላ ነው? ለእናቴ እንዲህ ቀልዶላት አያውቅም። «ዳባ» ብቻ ነው የሚላት።

ዛሬ ትልቅ ሴት ሆኜ ያ «ዳባ» ትዝ ይለኛል። ሰው ደክሞት ቤቱ ሲደርስ የሚያወጣት ትንፋሽ አለች አይደል? እሷ ነበረች። ያኔ ግን የሚንኳኳውን ዶቃ ብቻ ነበር የምሰማው።

ኮሮና ለሁለተኛ ጊዜ ያገረሸበት ሰሞን ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን፣ የዓሣ ገበያው ተበተነ። አባቴ ግን ሰው መጫኑን አልተወም። «ማስክህን አድርግ» ሲሉት «መጀመሪያ ፈረሴ ያድርግ፣ እሱ ነው ፊት ፊት የሚሄደው» ይላል። አንድ ሰሞን እንዲህ ሲያስቀን ከረመና ማሳል ጀመረ።

የታመመው በኪኔ ተራ ነው። ይህን ማንም እንዲረሳ አልፈለግኩም። ሁለት ቀን እሷ ክፍል ተኝቶ አተኮሰው። ዓርብ ሲመሽ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወጣ፤ ማንቆርቆሪያዋን በራሱ እጅ አንስቶ፣ ግቢው መሐል ሁለቴ አርፎ፣ እኛ በር ላይ አስቀመጣት። ኪኔ ልትደግፈው ስትል «ተይ፣ ተራ ተራ ነው» አላት። በልቤ «ጤነኛውን ወስዳ በሽተኛውን መለሰችልን» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቃዠ። «ዳባ፣ ዳባ፣ ዳባ» እያለ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ «አለሁ» ትላለች፤ እሱ ግን መልሶ ይጠራታል። ግቢውን ተሻግሮ የኪኔ መብራት ሲበራ አየሁ። ትስማ፣ አልኩ። ደህና አድርጋ ትስማ።

ጠዋት የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ማጋት፣ ታክሲ ፍለጋ ወጣ። የቆመለት ሁሉ ሳሉን ሲነግረው መስታወቱን እየዘጋ ሄደ። በመጨረሻ የአባቴን ፈረስ በራሱ ጋሪ ላይ ጠመደው። አባቴን ፍራሽ አንጥፈው አስተኙት፤ እናቴ ወንድሜን አዝላ በአንድ በኩል፣ ኪኔ በሌላው በኩል ተቀመጡ። እኔን ጎረቤት ሊያስቀሩኝ ነበር። ዞር ሲሉ ከኋላ ወጥቼ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተለጠፍኩ። ማንቆርቆሪያዋንም ይዣት ነበር። እኛ ሳንኖር አንድ ሰው በሩን ቢቀይራትስ?

«ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» አለ አጎቴ ግማሽ መንገድ ላይ ሲያየኝ።

«ውሃ ትቅዳ፣ ተዋት» አለች ኪኔ። ማን ተከራከሪልኝ አለሽ? ብዬ ወደ ሌላ ጎን ዞርኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዱላ የያዘ፣ ፊቱ ላይ የላስቲክ መከለያ ያንጠለጠለ ዘበኛ ቆሟል። ከድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ እስከ ኒም ዛፉ ድረስ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሳህን የተሸከሙ ሴቶች፣ ጀሪካን ይዘው የሚያንቀላፉ ሽማግሌዎች። አንድ ሰውዬ ረጅም የብረት በርሜል እያንከባለለ ሲያልፍ ሁሉም እግሩን ሰበሰበ። ኦክስጅን መሆኑን አላወቅኩም፤ ጋዝ የሚሸጥ መስሎኝ ምን ሊያበስሉበት ነው አልኩ።

«ኧረ ቁም! ፈረስ እዚህ አይገባም!» አለ ዘበኛው።

«ፈረሱ ደህና ነው ወንድሜ» አለው አጎቴ። «የታመመው ሰውየው ነው።»

ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ላስቲክ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወጡ። ዓይናቸው እንኳ አይታይም። አባቴን ሲያነሱት ዓይኑ ክፍት ነበር። «አባ!» አልኩት። እኔ ላይ አረፈና አልፎኝ ሄደ። «ዳባ የት ነች?» አለ።

«እዚሁ ነኝ ማሳምባ፣ እዚሁ ነኝ» አለች እናቴ፤ ግን ቃሬዛው ገብቶ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር።

ዘበኛው ዱላውን አግድም ያዘ። «አንድ አስታማሚ! አንድ ብቻ! የገባ በሽተኛው እስኪወጣ አይወጣም፤ የወጣ ተመልሶ አይገባም። መቀያየር የለም። ሚስቱ ማናት?»

«እኔ» አለች እናቴ።

«እኔ» አለች ኪኔ።

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጭንቀቱን ትቶ ቀና አለ። ዘበኛው አንዴ እሷን አንዴ እሷን አየና «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ሳይሆን ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው» አለ።

«አፍህን ዝጋ አንተ፣ አንዷን እንኳ ሳታገኝ!» አሉት አንዲት አሮጊት ከዛፉ ስር። ሰው ሳቀ። አሮጊቷ ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ወደ እናቴና ወደ ኪኔ ዞሩ። «ተራው የማን ነው ልጆቼ?»

«የኔ ነው» አለች እናቴ።

«የኛ ነው!» ብዬ ማንቆርቆሪያዋን ከጋሪው ላይ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «እኛ በር ላይ ነበረች!»

«በቃ፣ አለቀ» አሉ አሮጊቷ። «ባለተራዋ ትግባ።» አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ዘበኛው ራሱ «እሺ፣ ባለተራ» አለ። ፊቴ በራ! አባቴ ምን ያህል እንደታመመ ልቤ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሰው ሁሉ ፊት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ተራው የኛ መሆኑ ተፈረደ።

እናቴ ማዘያዋን ፈታች። ወንድሜን ለኪኔ ሰጥታ «ያዢልኝ» አለቻት። ኪኔ ተቀበለች። ግን መንገድ አለቀቀችም። በነፃው እጇ የእናቴን ክንድ ያዘችና ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻት።

ከጋሪው ላይ ሆኜ ሁሉንም አይቻለሁ። ኪኔ አፏን ከእናቴ ጆሮ አስጠግታ ታወራለች፣ ማስኳ ከፍ ዝቅ ይላል። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አይሆንም። ኪኔ ትቀጥላለች። ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ፤ ኪኔ ወደ እናቴ ፊት ከፍ አድርጋ አሳየቻት። እናቴ አሁንም አይሆንም አለች፣ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ያኔ የኪኔ ድምፅ ከፍ አለና አንድ ነገር ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ «ተራሽን ስጪኝ።»

ከዚያ ልጁን መለሰችላት። ወደ አጥሩ ዞረች፣ እጇን ከሽርጧ ስር አስገባች፣ ዶቃዋን ፈታች። አንድ ክር፣ ሌላ ክር፣ ሌላ፣ እየጠቀለለች የእናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። እናቴ ጨበጠችው። ጨብጣም ሰማያዊ ሻሽዋን ከራሷ አውልቃ በኪኔ ራስ ላይ በገዛ እጇ አሰረችላት።

ኪኔ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ስም?» አላት።

«ዳባ» አለች።

ስም! ተራው አልበቃት፣ ሻሹ አልበቃት፣ ስሟንም! ከጋሪው ዘልዬ ወረድኩ። «ሌባ! ተራው የኛ ነው! ሌባ ናት፣ አትስማት፣ ዳባ እሷ አይደለችም!» እያልኩ ስጮህ እናቴ ደርሳ በጥፊ አለችኝ። እናቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታኝ አታውቅም። ኪኔ መጋረጃው ጋ ደርሳ አንዴ ዞር አለች። እኔን ነው ያየችው። ከዚያ ገባች።

መንገዱን ሙሉ የእናቴ ጭብጥ አልተፈታም። በጣቶቿ መሐል ቀይና ነጭ ዶቃ ይታየኛል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እናቴ ተራችንን ሸጠችው። አባቴን የሚያህል ሰው ለዶቃ! ያን ሌሊት ማንቆርቆሪያዋን በራችን ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተኛሁ። ቢያንስ እሷን ማንም አይገዛትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዘን ተመልሰን ሄድን። ዘበኛው ዕቃውን ተቀብሎ አስገባልን። ኒም ዛፉ ስር ተቀመጥን። እናቴ ወንድሜን ታጠባለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው። እኔ ፀሐይዋን እጠብቃለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተራው የሷ ይሆናል፤ ያኔ እንኳ የሰረቀችው ሳይሆን የራሷ ነው፣ ምንም ማለት አልችልም። እስከዚያ ግን የኛ ነው።

የአሱር ሰላት ከተሰገደ ትንሽ ቆይቶ የጎን በሩ ተከፈተና ኪኔ ወጣች። ስትመጣ አልሰማኋትም። ያለ ዶቃዋ ድምፅ አልነበራትም። ሌባ እንዲህ ነው የሚራመደው፣ አልኩ። አጠገባችን አልደረሰችም፤ ራቅ ብላ ቆመች፣ እንዲያ ስለተባለች። እናቴ ተነሳች። ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ኪኔ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እስከ መጨረሻው አንቺን ነበር የሚጠራው» አለቻት። «እስከ መጨረሻው፣ ዳባ።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለቅሶው ከየት እንደመጣ አላወቅኩም፤ የኔም ነበር። ግን የማልረሳውን ልንገራችሁ። እያለቀስኩ ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየኋት። ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። በኛ ተራ ነው የሞተው፣ አልኩ፤ እንባዬን እየጠረግኩ።

አስከሬኑን አልሰጡንም። ነጭ የለበሱት በቀጥታ ወደ መቃብር ወሰዱት። አጎቴ ማጋት በጋሪው ከኋላቸው ሄዶ ከሩቅ ቆሞ ሰገደበት። ፈረሱ መንገዱን ራሱ እንዳገኘው ነገረን።

ከዚያ ኪኔ ታመመች። ክፍሏ ውስጥ ተዘጋባት፤ እናቴ ግን የማሽላ አጥሚት ይዛ በሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ከውጭ እያወራቻት ታመሻለች። ኪኔ ስታገግም ሁለቱም ነጭ ለብሰው ዒዳቸውን፣ የባላቸውን ሐዘን፣ እዚያው በኪኔ ክፍል ተቀመጡ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው የቀናሁት፣ ያለፈውስ ጨዋታ ነበር! የአባቴ ተራ ቀረ፤ እናቴ ራሷ ሁልጊዜ እዚያ ሆነች። ሳቃቸውም ለቅሷቸውም ከዚያኛው በር ነው የሚሰማው። አባቴን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ እናቴን አስከተለች ብዬ ትራሴን ነከስኩ።

ዒዳው ሲያልቅ የአባቴ እህት ሲጋ መጣችና «ኪኔ ገና ልጅ ናት፣ ልጅም የላትም፣ ወደ ዘመዶቿ ትመለስና ትዳር ትያዝ» አለች። እኔ በሩ ኋላ ሆኜ አልሃምዱሊላሂ አልኩ።

«ቤቷ ነው» አለች እናቴ። «የት ነው የምትሄደው?»

ኪኔም አልሄደችም። ሁለቱ አንድ ላይ ዓሣ እየጠበሱ መሸጥ ጀመሩ። ያሳደገን፣ ያስተማረን ያ ነው። የድስቱን ቂጥ ሩዝ ማስቀመጧን አላቋረጠችም፤ እኔም ለግድግዳው ማውራቴን።

በሠርጌ ዋዜማ እናቴ አልጋዋ ስር ገብታ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣች። ክዳኑን ስታነሳ ቀይና ነጭ ዶቃው እንዳለ ነበር፤ ክሩ ብቻ አዲስ ነው። «የኪኔ ነው» አለችኝ። «ላንቺ እንድሰጥሽ ጠየቅኳት፣ እሺ አለች። ነይ ልሰርልሽ።»

«አልፈልግም» አልኩ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የተሸጥንበትን ዶቃ ወገቤ ላይ አላስርም።»

እናቴ አየችኝ። «ማን ነው የተሸጠው?»

«ተራችን! እማ፣ አይቻለሁ እኮ። ጋሪው ላይ ነበርኩ። ዶቃውን ሰጥታሽ ተራሽን ወሰደች።»

መጀመሪያ ሳቀች። የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች፣ «ወይኔ! ወይ ልጄ! ይሄን ሁሉ ዓመት?» እያለች። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ጠፋባት። አልጋው ላይ ተቀመጠችና ዶቃውን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ልገባ ነበር» አለች። «ወንድምሽን ሰጥቻት ልገባ ስል ያዘችኝ። ‹ይሄን ልጅ ምን ላጥባው ዳባ? ደረቅ ጡቴን ላጉርሰው?› አለችኝ። ‹እዚያ ከገባሽ ላትወጪ ትችያለሽ። እነዚህን ሁለቱን ማን ያሳድጋቸዋል? እኔ ብቀር የሚያለቅስ ልጅ የለኝም።› እኔ ደግሞ ‹የሚጠራው እኔን ነው፣ ኪኔ› አልኳት። ‹አውቃለሁ፣ ጆሮ አለኝ› አለች። ‹ዓይኑ አያይም። ሻሽሽን ስጪኝ። ተራሽን ስጪኝ፣ ስምሽንም ስጪኝ። ሲጠራሽ አለሁ እለዋለሁ።› ዶቃውን የፈታችው አባትሽ እንዳይሰማት ነው። ከሰማ ያውቃታላ! በጭለማ እንኳ ያውቃታል።»

ያቺ ጋሪ ላይ ማንቆርቆሪያ ይዛ የምትጮኽ ልጅ ፊቴ ቆመች፤ «ዳባ እሷ አይደለችም» እያለች። ለካስ ኪኔ የዞረችው ለዚህ ነበር። ልጅቷ ታስይዘኛለች ብላ ፈርታ።

ዶቃውን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ። ኪኔ መስኮቷ ስር ተቀምጣ ለነገ ድግስ ሩዝ ትለቅማለች። ፀጉሯ ሸብቷል። እጄ ላይ ያለውን አየችና «አጠረሽ እንዴ? ክር እንቀጥልበታለን» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለግድግዳው ሳይሆን ለእሷ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«አሁን ጠየቅኩሽ። እዚያ ውስጥ አባቴ ምን አለሽ?»

ሩዙን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። «ለኔ ምንም አላለኝም» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ለእናትሽ ነበር የሚያወራው። ‹ዳባ?› ይላል፤ ‹አለሁ› እለዋለሁ። ‹ፈረሱ በላ?› በላ። ‹ንጎኔስ? ዛሬም ማንቆርቆሪያዬን ትጠብቃለች?› ትጠብቃለች፣ ማን አባቱ ይነካታል፣ እለዋለሁ። ይስቅና ይስላል። ከዚያ በልጅነታቸው የሆነውን፣ መጀመሪያ ያያት ቀን የለበሰችውን፣ ለእኔ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ሁሉ፣ እጄን ይዞ።»

«ቀናሽ?»

«ቀናሽ ትለኛለች!» አለች ኪኔ። «ታረድኩ እንጂ! እናትሽን እዚያው ላንቃት ነበር። ምን ያደርጋል፣ እሷ እኔው ነበርኩ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ቶሎ አለቀ።

«እሑድ፣ ከአሱር በኋላ፣ ድምፁ ጥርት አለ። ‹ዳባ› አለኝ። አለሁ አልኩት። ‹ኪኔስ?› አለኝ።»

መልቀሟን አቆመች።

«ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ አንዴ እንኳ አላነሳኝም እኮ። አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልለው፣ ማሳምባ፣ ይኸው እኔ ነኝ ልለው። ግን ኪኔ ነኝ ካልኩት ዳባ አልመጣችም ማለት ነው። እጁን ይዛ ያደረችው ዳባ አልነበረችም ማለት ነው። ያንን ይዞ ይሂድ?»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ተራዋ አይደለም፣ አልኩት። ተራዋ ሲመሽ ነው።»

ውጭ እናቴ ዓሣ ስትፍቅ ቢላዋው ይሰማል። «እሱስ?» አልኩ።

«‹እሺ፣ ሲመሽ ጥሪያት› አለኝ። ‹በዶቃዋ አውቃታለሁ።›»

ኪኔ ሩዙን ወደ ሳህኑ መለሰችው። «አልመሸም» አለች።

ቆይታ ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። «እናትሽ ይሄን አታውቅም፤ እንዳትነግሪያት። የቀረውን ሁሉ ቃል በቃል አስረክቤያታለሁ፣ አንድም አላስቀረሁባት። ይቺን ግን አልሰጣትም። ይቺ የኔ ናት።»

«ምንድን ነው ሁለታችሁ የምትንሾካሾኩት?» አለች እናቴ ከግቢው።

«አያገባሽም ዳባ!» አለች ኪኔ። «ዓሣሽን ፋቂ!»

ያን ጊዜ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ግቢው ጨለምለም ብሏል። ተነሳሁና ፊቷ ተንበረከክኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«ክንድሽን ከፍ አድርጊ፣ እማ ኪኔ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ተይ እንጂ፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ...»

«ነገ እወስደዋለሁ» አልኳት። «አሁን መሽቷል።»

ዶቃውን አንድ በአንድ ወገቧ ላይ አሰርኩላት። ብዙ አልተቃወመችም። ለውዱእ ውሃ ልታመጣ ተነስታ ወጣች፤ በሩን አልፋ፣ ግቢውን ስትሻገር፣ በእያንዳንዷ እርምጃዋ ሲንኳኳ ተሰማ። የእናቴ ቢላዋ ቆመ።

«የዶቃ ነጋዴ መጣ እንዴ?» አለች እናቴ።